ኮምፒውተር «አንደኛ፣ ሁለተኛ» ማለትን እንዴት ይማራል?

በኮምፒውተር ክፍላችን የአንድ ተማሪ ተራ ግማሽ ሰዓት ነው። ኔትወርኩ ከዘገየ ሁለት ገጽ እንደከፈተ ሰዓቱ ያልቅበታል። ስለዚህ ስለ ፎቶሲንተሲስ የሚፈልግ ልጅ ትክክለኛው ማብራሪያ አሥረኛ ላይ ከተቀመጠለት ያው የለም ማለት ነው። በቅርቡ አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ አንደኛና አሥረኛ ብሎ የሚደረድረው ማነው?» ብላ ጠየቀችን። እስቲ በዚህ እትም እንየው።

የፍለጋ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ገጽ ነጥብ ይሰጥና ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደረድራል። ነጥብ አሰጣጡን የሚማረው ሰዎች «ይሄ ጥሩ ነው፣ ይሄ አይረባም» ብለው ካረሙለት ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ክሪስ በርጅስና የማይክሮሶፍት ባልደረቦቹ ራንክኔት የተባለ ዘዴ አቀረቡ። ገጾቹን ሁለት ሁለት እያደረገ ያወዳድራል፤ ጥሩው ከመጥፎው በታች ከወደቀ እንደ ስሕተት ያየዋል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አሥር ገጾች አሉ እንበል፤ ጥሩዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው። በመጀመሪያው አደራደር ጥሩዎቹ 1ኛና 10ኛ ሆነዋል። 10ኛውን ስምንት መጥፎ ገጾች ቀድመውታል፤ ስሕተቱ 8። በሁለተኛው አደራደር 4ኛና 5ኛ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውን ሦስት መጥፎ ስለቀደማቸው ስሕተቱ 6። በጥንድ ቆጠራ ሁለተኛው ይሻላል። ግማሽ ሰዓት ብቻ ያለው ልጅ ግን የመጀመሪያውን ነው የሚመርጠው!

ለዚህ ኤንዲሲጂ የሚባል መለኪያ አለ። የአንድ ጥሩ ገጽ ዋጋ፣ ደረጃው ላይ 1 ተደምሮ በቤዝ 2 ሎጋሪዝም ሲሰላ፣ 1 ለዚያ ተካፍሎ የሚገኘው ነው። (ዩኒቨርሲቲ ስናቋርጥ ሎጋሪዝም ለፈተና ብቻ የተፈጠረ ይመስለን ነበር።) 1ኛው 1፣ 4ኛው 0.43፣ 5ኛው 0.39፣ 10ኛው 0.29 ያገኛሉ። ድምሩ ለመጀመሪያው 1.29፣ ለሁለተኛው 0.82 ነው። ቀጥሎ ድምሩ ለፍጹሙ አደራደር ድምር ይካፈላል፤ አካፋዩ ለሁለቱም አንድ ስለሆነ እዚህ ትተነዋል።

ታዲያ ማሽኑን በቀጥታ «ይህን ከፍ አድርግ» ብንለውስ? አይሆንም። ማሽን የሚማረው ነጥቦቹን ትንሽ ነካ እያደረገ፣ ተሻለ ወይስ ባሰ እያለ ነው። መለኪያው ግን ገጾቹ ቦታ እስካልተቀያየሩ ንቅንቅ አይልም፤ ሲቀያየሩ ደግሞ ባንዴ ይዘላል። ዓይኑን የታሰረ ሰው ዳገትን በእግሩ እየዳሰሰ ይወጣል፤ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ከቆመ ግን ወዴት እንደሚሄድ በምን ያውቃል?

እ.ኤ.አ. በ2006 እነ በርጅስ ላምዳራንክን ይዘው መጡ። ጥንዶቹን አልተዉም። «እነዚህ ሁለቱ ቦታ ቢለዋወጡ መለኪያው በስንት ይለወጣል?» ብለው አሰሉና፣ ገጾቹን ወደ ላይና ወደ ታች የሚገፋውን ኃይል በዚያ አባዙት። ለአንድ ጥሩ ገጽ፣ ከመጥፎ ገጽ ጋር ቦታ ተለዋውጦ ከ10ኛ ወደ 1ኛ መውጣት 0.71 ያስገኛል፤ ከ10ኛ ወደ 9ኛ ግን 0.01 ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ጉልበቱን ላይኛው ላይ ያውላል። የዚሁ ዘዴ ልጅ የሆነውን ላምዳማርትን የተጠቀመ ቡድን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሁ ያዘጋጀውን የደረጃ አሰጣጥ ውድድር አሸንፏል።

አሁን ተራው የናንተ ነው። ጥሩዎቹ 2ኛና 3ኛ ቢሆኑስ? የጥንድ ስሕተቱ 2 ብቻ ነው፤ መለኪያው ግን 1.13 ሆኖ ከ1ኛና 10ኛው አደራደር ያንሳል። ትክክል ነው ትላላችሁ? አስባችሁበት ክፍል ይዛችሁልን ኑ።