ዘንግም ጥርስ አለው፤ ሳያልቅ እንየው

ወንድም ገበሬ፣ እህት ገበሬ!

ምሳር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እጀታው ከላላ ምን ይሆናል? በመታችሁ ቁጥር ይወዛወዛል። ሽብልቅ ካልገባበት እንጨቱ እየተበላ ይሄዳል። አንድ ቀን ብረቱ ተስፈንጥሮ ሰው ይመታል። ማረሻም እንዲሁ ነው። ወገሉ ከላላ ድግሩ ይንቀሳቀሳል፤ ሥራውም ይበላሻል።

ዛሬ የምናወራው ስለ ብረት ዘንግ ነው። ጠባዩ ከምሳሩ አይለይም። የላላ ነገር ይፋተጋል፤ የሚፋተግ ነገር ያልቃል።

ዘንጉ የቱ ነው?

ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥተው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ደጋው ገብስና ድንች ያበቅላል፤ ገደላማ ስለሆነ በበሬ ይታረሳል። ሜዳው ግን የሩዝ አገር ነው። እዚያ ትራክተር ይገባል፤ መውቂያ ማሽንም ይሠራል።

አንዳንዱ መውቂያ የራሱ ሞተር አለው። አንዳንዱ ግን ኃይል የሚያገኘው ከትራክተር ነው። ከትራክተሩ ጀርባ ብቅ ያለች አጭር ዘንግ አለች። ዙሪያዋን ቁመቷን ተከትሎ የተቆረጠ ጥርስ አላት። ይህች ወንዴዋ ናት። መውቂያውን የሚያዞረው ረጅም ዘንግ ጫፉ ክፍት ነው፤ በውስጡም ጥርስ አለው። እሱ ሴቴው ነው። ሴቴው ወንዴዋ ላይ ሲገባ ጥርስ ከጥርስ ይያያዛል። የትራክተሩ ጉልበት በሙሉ የሚያልፈው በእነዚህ ጥርሶች ነው።

ጥርሶቹን ቁጠሩ። 6 ከሆኑ፣ ዘንጉ በደቂቃ 540 ጊዜ እንዲዞር የተሠራ ነው። 21 ከሆኑ ደግሞ በደቂቃ 1000 ጊዜ። አሁን 540ን ለ60 አካፍሉ። 9 ይመጣል። አንድ ጊዜ ዓይናችሁን እስክትጨፍኑና እስክትገልጡ ዘንጉ ብዙ ዞሯል ማለት ነው።

በሞተር ሳይክልም ይኸው አለ። ወደ ገጠር የሚመጣው ሞተር ሳይክል አብዛኛው የኋላ ጎማውን የሚያዞረው በካቴና ነው። አንዳንዱ ግን በዘንግ ይሄዳል። የጀርመኑ ቢ ኤም ደብልዩ በ1923 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያ ሞተር ሳይክል በዘንግ የሚሄድ ነበር። ያረጀ ባለ ዘንግ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ጥርሱን ለማየት ጎማውን ማውጣት አለበት። ጥርሱ ተደብቆ ስለሚኖር ይረሳል፤ ስለተረሳም ይደርቃል። የትራክተሩ ግን ከፊታችን ነው። ታዲያ ምን ምክንያት አለን?

ጥርሱን የሚበላው ምንድን ነው?

አንደኛው ድርቀት ነው። ግራሶ ከሌለ ብረት ብረትን ይፍቃል። ከመካከላቸው ቀይ ቡናማ ዱቄት ይወጣል። ያ ዱቄት የዘንጉ ሥጋ ነው።

ሁለተኛው አቧራና ገለባ ነው። አሮጌ ግራሶ አቧራ ሲጠጣ እንደ ሞረድ ይሆናል። ስለዚህ በቆሸሸ ግራሶ ላይ አዲስ ግራሶ መደረብ ጥቅም የለውም። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይትም ግራሶን አይተካም። ቀጭን ስለሆነ ዘንጉ ሲዞር ተረጭቶ ያልቃል።

ሦስተኛው ድንጋጤ ነው። መውቂያው ነዶ አንቆት ሲቆም፣ ወይም ትራክተሩ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ሳለ ኃይሉ በድንገት ሲለቀቅ፣ ጥርሱ እንደ ተመታ ይቆጠራል።

እንዴት እንየው?

1. ሞተሩን አጥፉ። ቁልፉን አውጥታችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። የእጅ ፍሬኑን ያዙ። ዘንጉ ፈጽሞ እስኪቆም ጠብቁ።

2. ዘንጉን ሳትነቅሉ በእጃችሁ ወዲያና ወዲህ አዙሩት። ትንሽ መላላት ያለ ነው። ቀጭ ቀጭ እያለ ብዙ የሚጫወት ከሆነ ግን ጥርሱ ተበልቷል።

3. መቆለፊያውን ተጭናችሁ ዘንጉን ሳቡ። እንቢ ካለ በመዶሻ አትምቱት፤ ጥርሱ ይጎዳል። ናፍጣ አንጠባጥባችሁ ጥቂት ታገሡትና እንደገና ሞክሩ።

4. ናፍጣ በነካ ጨርቅ አሮጌውን ግራሶ ጥረጉ። ወንዴውንም ሴቴውንም፣ ብረቱ እስኪታይ ድረስ።

5. አሁን በብርሃን እዩት። የደህና ጥርስ ጎኑ ቀጥ ያለ ነው። የተበላ ጥርስ አንድ ጎኑ ይጎደጉዳል፤ ዘንጉ የሚዞረው ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ነውና። ጥፍራችሁን በጎኑ ላይ አሂዱት። ጥፍር እንደ ደረጃ ባለ ነገር ከተያዘ ተበልቷል። ጫፉ እንደ ቢላ ከሾለ ጊዜው አልፏል።

6. ቀጥ ያለ ስንጥር በጥርሱ ቁመት ላይ አጋድሙ። ጥርሱ ከስንጥሩ ከዞረ ዘንጉ ከአቅሙ በላይ ሠርቶ ተጠማዟል። ስንጥቅ ካያችሁ ደግሞ እዚያው አቁሙ፤ ባለሙያ ይየው።

አንድ ነገር አትርሱ። በተበላ ወንዴ ላይ አዲስ ሴቴ አትግጠሙ። የተበላው አዲሱንም ይበላዋል።

እንዴት እንቀባው?

ንጹሕ ግራሶ በጣታችሁ ወይም በብሩሽ በጥርሱ ጎንና ጎን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ሞሊብዲነም የሚባል ማዕድን ያለበት ጥቁር ግራሶ ከተገኘ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥርስ ጥሩ ነው። ብዙ መለጠፍ ግን አይጠቅምም፤ የተረፈው ገለባ ይሰበስባል።

ረጅሙ ዘንግ አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገባ ሁለት ክፍል አለው። መግቢያውም ግራሶ ይፈልጋል። ሁለቱን ክፍል ከመለያየታችሁ በፊት በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ስትመልሱት ምልክቱ ከምልክቱ ይግጠም። አለዚያ ዘንጉ እየተንቀጠቀጠ ይሠራል፤ ኩሽኔታውንም ይጨርሳል።

ስትገጥሙት መቆለፊያው ቀጭ ብሎ እስኪይዝ ግፉት። ከዚያ ወደ ኋላ ሳብ አድርጋችሁ ፈትኑት። በአውድማ ሰሞን ጥርሱን ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ማየት ልማድ ይሁን። ግራሶ በስንት ሰዓት ሥራ እንደሚቀባ የማሽኑ መጽሐፍ ይናገራል፤ አስነብቡት።

ክዳኑን አታውልቁ!

በዘንጉ ላይ የፕላስቲክ ክዳን አለ። ለጌጥ አይደለም፤ ለነፍስ ነው። ዘንጉ የጋቢን ጫፍ፣ የነጠላን ዘርፍ፣ የመቀነትን ክር ከያዘ፣ ሰውየው «ኧረ» ሳይል ይጠቀልለዋል። በሰከንድ 9 ጊዜ ለሚዞር ብረት የሰው ጉልበት ምኑም አይደለም። ስለዚህ ክዳኑ የተሰበረ ማሽን አይነሣ። ጋቢ የለበሰ ሰው አይቅረብ። ሕፃናት ከአውድማው ይራቁ። በሚዞር ዘንግ ላይ ማንም አይራመድ።

መዝገቡ ይናገር

የጉና አካባቢ ሰው ለከባድ ብረት እንግዳ አይደለም። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ፣ ሴባስቶፖል፣ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ ስድስት ወር ያህል ተጉዞ መቅደላ ደርሷል። ያን የሚያህል ብረት የሄደው ብዙ ሰው በአንድነት ስለያዘው ነው።

የጋራ ማሽንም እንዲሁ በአንድነት ካልተያዘ አይቆይም። «እገሌ ቀብቶታል» ሲባባል ማንም ሳይቀባው ይውላል። ዘንጉ የሚሰበረው ደግሞ ቆሞ ሳለ ሳይሆን እየሠራ ሳለ ነው። ነዶው ተከምሮ፣ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ዘንጉ ቢሰበር የዓመት ልፋት በዝናብ ይበሰብሳል። አንድ ቆርቆሮ ግራሶ ከዚህ ጋር ምን ይወዳደራል?

መድኃኒቱ በእጃችሁ ነው፤ ማንበብና መጻፍ ተምራችኋል። አንድ ደብተር ለማሽኑ መድቡ። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«ኅዳር 12። 7 ሰዓት ሠራ። ጥርሱ ተጠርጎ ግራሶ ተቀባ። አንድ ጥርስ ትንሽ ተበልቷል።»

ከሥሩ የቀባው ሰው ይፈርም። በሳምንቱ ሌላው ሰው አንብቦ ያንኑ ጥርስ ያየዋል። መበላቱ ከጨመረ ከአውድማ በፊት መለወጫው ይፈለጋል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

በቡድን ተወያዩ

1. ቀይ ቡናማ ዱቄት ምን ይነግረናል?
2. የተቃጠለ ዘይት ግራሶን የማይተካው ለምንድን ነው?
3. በአካባቢያችሁ ባለው ማሽን ዘንግ ላይ ስንት ጥርስ አለ? ክዳኑስ ደህና ነው?
4. የማሽኑን ደብተር ማን ይይዛል? የዚህን ሳምንት ተረኛ ስም አሁኑኑ ጻፉ።

ይህን ጽሑፍ ላላነበበ ጎረቤት ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።