«መስተዋት»፣ «ጎማ»ና «ስፖኪዮ»፦ በአሮጌ መኪና መስተዋት ለውጥ ላይ የሚነሣ የስያሜ ጉዳይ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጣርማበርንና ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ይፋት ቆላ ሲወርድ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። በቆላው ፀሐይ የአሮጌ መኪና መስተዋት የያዘው ጎማ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ መስተዋቱ ሲለወጥ ጎማውም አብሮ ይለወጣል። ይህን ሥራ የሚያስረዳ መመሪያ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ግን ከብረቱ ይልቅ ቃላቱ ያስቸግሩታል።

ሥራው እንዲህ ነው። የድሮው ቮልስዋገን የፊት መስተዋት በሙጫ አይጣበቅም። ጎማው በመስተዋቱ ዙሪያ ከተጠለቀ በኋላ፣ የላሜራውን ጠርዝ በሚይዘው ቦዩ ውስጥ ሲባጎ ይገባል፤ ጎማውም በሳሙና ውሃ ይርሳል። አንዱ ሠራተኛ ከውጭ በመዳፉ ሲገፋ፣ ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ ብሎ ይስባል፤ የጎማው ከንፈርም ላሜራውን እየተሻገረ ይይዛል።

«መስተዋት» በአማርኛ መልክ የሚታይበትም ብርሃን የሚያሳልፈውም ነው። በጋራዥ ግን ማሻማቱ የለም፤ ከጣልያንኛ የመጣው «ስፖኪዮ» የኋላ ማሳያውን ስለ ወሰደ «መስተዋት» ለመስኮቱ ተርፏል። «ስፖኪዮ»ን ባዕድ ነው ብለው ከመዝገብ ለማውጣት የሚሹ ባልደረቦቻችን ይህን ቢያስተውሉት እንወዳለን።

«ጎማ»ም ጣልያንኛ ነው፤ ነገር ግን ቁሱንም የመኪናውን እግርም ይጠራል። «መስተዋቱን ከማውጣትህ በፊት ጎማውን ፍታ» የሚል ረቂቅ አንብበናል፤ ታዛዥ አንባቢ ክሪክ ፍለጋ መሄዱ አይቀርም! «የክፈፍ ጎማ» ቢባል ይበቃል።

ከሁሉ የሚከፋው «የማይሰበር መስተዋት» የሚለው ነው። ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል፤ ሁለቱም ደግሞ ይሰበራሉ። አንደኛው ፈረንሳዊው ኤድዋር ቤኔዲክቱስ እ.ኤ.አ. በ1909 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ዓይነት ነው፤ በሁለት ገጽ መስተዋት መካከል ስስ ፕላስቲክ ስላለው ሲሰነጠቅ ስባሪው እንደ ተያያዘ ይቀራል። ሁለተኛው ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግሎ በአየር በፍጥነት የቀዘቀዘ ነው፤ አንድ ጠጠር ቢመታው መላው ገጽ ደቅቆ የሾፌሩን እይታ ይጋርዳል። ይህ በጣርማበር ቁልቁለት ላይ ምን ማለት እንደ ሆነ መግለጽ አያሻም። ደግሞም የመጀመሪያው በልክ ሊቆረጥ ይችላል፤ ሁለተኛው መቍረጫ ሲነካው ይረግፋል። አንድ ስም ለሁለቱ የሰጠ ተርጓሚ ሠራተኛውን ያሳስታል።

እኛ ለፊተኛው «ንብብር መስተዋት» እንላለን። ለኋለኛው «ግል መስተዋት» ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን «የግል» ከሚለው ጋር ይምታታል። ከአሠራሩ ይልቅ አሰባበሩን ይዘን «ረጋፊ መስተዋት» ብለነዋል፤ የተሻለ የሰሙ አንባብያን ይጻፉልን።