እጮኛውን ያስኮረፈ እንቁላል

የዛሬው ጉዳያችን የፍቅር ነው ብንላችሁ ውሸት አይሆንም። የዶሮ ነው ብንላችሁም ውሸት አይሆንም። ሁለቱ ቡራዩ ላይ፣ አንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ውስጥ ተገናኙና ነገር ተበላሸ።

ልጁ 27 ዓመቱ ነው። ከኮሌጅ ተመርቆ ሥራ ሲያጣ ቆይቶ በስተመጨረሻ አንድ ሱቅ ውስጥ ተቀጠረ። ዓመት ሙሉ የጣለው ዕቁብ ሲወጣለት እጮኛው “አሁንማ ሽማግሌ ትልካለህ” ብላ ደስ አላት። እሱ ግን ማሽን ተሸክሞ መጣ። 48 እንቁላል የሚይዝ መፈልፈያ! “ሦስት ሳምንት ብቻ ታገሺኝ፤ ጫጩቶቹን ሸጬ ለሠርጉም ይተርፈናል” አላት።

እንቁላሉን ከየት አመጣው? ከሰፈሩ ሱቅ። ስልኩ ላይ ሰማያዊና አረንጓዴ እንቁላል ሲያይ ልቡ ሸፍቶ ነበርና “ነጩ ምን ያደርግልኛል፣ ቀለም ያለው ይሻላል” ብሎ ቡናማ ቡናማውን መርጦ ገዛ። ማሽኑን አልጋው አጠገብ ተከለ። ሌሊት እየተነሳ ያየዋል። እጮኛው ስትደውል “ቆይ፣ እንቁላል እያገላበጥኩ ነው” ይላታል። 21ኛው ቀን መጣ፤ ምንም የለም። 22፣ 23... በ25ኛው ቀን አንዱን ሰበረው። ክፍሉ በክርፋት ተሞላ። ልጅቷ አፍንጫዋን በሻርፗ ይዛ ወጣች። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ስልክ አላነሳችለትም።

ጥፋቱ የማን ነው? የማሽኑ? የእሱ? ወይስ የእንቁላሉ?

ባል የሌላት ዶሮ

ለሱቅ የሚያቀርቡ ትልልቅ የእንቁላል እርባታዎች አውራ ዶሮ ከእንቁላል ጣዮቹ ጋር አይቀላቅሉም። ዶሮ እንቁላል ለመጣል ባል አያስፈልጋትም! ጫጩት ለማግኘት ግን ያስፈልጋታል። አውራ ያልደረሰበት እንቁላል ለጥብስ እንጂ ለሌላ አይሆንም፤ ማሽኑ ዓመት ቢያሞቀው ይገማል እንጂ አይፈለፈልም። ስለዚህ እንቁላል ስትገዙ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ “አውራው የታለ?” ይሁን። አንድ ጎበዝ አውራ ለአሥር ያህል ዶሮ ይበቃል።

ቀለሙስ ምን ይሠራል?

ሁሉም የእንቁላል ቅርፊት መነሻው ነጭ ነው። ቡናማው ቀለም የሚቀባው በመጨረሻዎቹ ሰዓታት፣ ከላይ ብቻ ነው፤ ስትሰብሩት ውስጡ ነጣ ብሎ የሚታየውም ለዚህ ነው። ሰማያዊው ግን ቅርፊቱን ዘልቆ ይገባል። በሰማያዊ እንቁላሏ ስሟ የገነነው አራውካና የምትባለዋ የቺሊ ዶሮ ናት። ሰማያዊ ከምትጥል ዘር ቡናማ ከምትጥል ዘር ጋር ሲዳቀል አረንጓዴ የምትጥል ቄብ ትገኛለች። ነገሩ በደም የሚወረስ ነው፤ በመኖ አይመጣም።

የእኛዋ የሐበሻ ዶሮ አብዛኛውን ጊዜ ከነጣ ያለ እስከ ፈዛዛ ቡናማ ትጥላለች። የቅርፊቱ ቀለም ጣዕሙን አይለውጠውም። አስኳሉን ቢጫ የሚያደርገው የምትለቅመው ቅጠላ ቅጠል ነው። ደግሞም የቅርፊቱ ቀለም የጫጩቱን ላባ አይወስንም። ከአንድ ዓይነት እንቁላል ገብስማም፣ ቀይም፣ ነጭም ሊወጣ ይችላል። ሹሉ እንቁላል ወንድ፣ ድቡልቡሉ ሴት ይሆናል የሚባለውም ወሬ ነው። ለፈልፋይ የቀለም ትርፉ አንድ ነው፦ ነጣ ያለውን በባትሪ ስታዩት ውስጡ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጠቆር ያለው ያስቸግራል።

የሰበታዋ እናት ምክር

ልጁ ቢቸግረው ሰበታ ወዳሉት የልጅቷ እናት ሄደ፤ እንዲያስታርቁት። እሳቸው ግቢያቸው ውስጥ የሐበሻ ዶሮዎች አሏቸው። ታሪኩን ሰምተው እስኪያነቡ ሳቁ። “አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? ዶሮ ያስታቀፈ ሰው እኮ እዚሁ አለ” አሉት። 36 እንቁላል ሊሰጡት ቃል ገቡ። “ግን እኩሌታው ጫጩት የኔ ነው!”

የሰጡትን ምክር ከባለሙያ ዕውቀት ጋር አዳብለን እነሆ፦

እንቁላሉ ከተጣለ ከሳምንት ብዙም አይለፈው። አይታጠብ፣ ፍሪጅ አይግባ፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ ይቀመጥ። በሚኒባስ ሲንገጫገጭ የመጣ ከሆነ ማሽን ከመግባቱ በፊት ግማሽ ቀን ይረፍ። ማራገቢያ ባለው ማሽን ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ነው። የማሽኑን ቁጥር ግን አትመኑ። ከፋርማሲ የሚገዛው የትኩሳት መለኪያ ይህን ሙቀት በደንብ ይለካልና በእሱ አመሳክሩ። ድሮ በጭቃ ምድጃ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል የሚፈለፍሉት ግብፆች እንቁላሉን ዐይናቸው ቆብ ላይ አድርገው ነበር ሙቀቱን የሚያውቁት። እናንተ ግን በመለኪያው ይሻላችኋል!

ማሽኑ ራሱ የማያገላብጥ ከሆነ በአንዱ ጎን መስቀል፣ በሌላው ክብ በእርሳስ አድርጉና በቀን ሦስት ወይም አምስት ጊዜ አገላብጡ። ካልተገላበጠ ፅንሱ ቅርፊቱ ላይ ይጣበቃል። በ7ኛው ቀን ጨለማ ውስጥ በባትሪ እዩት። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ የደም ሥር ካያችሁ ሕይወት አለ። ምንም ከሌለው አውጡት። ከ18ኛው ቀን በኋላ ማገላበጥ የለም፤ ክዳኑንም አትክፈቱ። ጫጩቱ ቅርፊቱን ነድሎ ሰዓታት ቢያርፍ አትደንግጡ፤ አስኳሉን ወደ ሆዱ እየሰበሰበ ነው። “ልርዳው” ብላችሁ ስትልጡት ደሙ ይፈስሳል።

ሱሉልታ፣ ሌሊት 8 ሰዓት

ሱሉልታ ያሉ ሁለት እህትማማቾች ደግሞ ሌላ ፈተና ገጠማቸው። በ19ኛው ቀን፣ በታኅሣሥ ብርድ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መብራት ድርግም! ታላቅየዋ ማልቀስ ጀመረች። ታናሽየዋ ግን ከሰል አቀጣጥላ ውሃ አሞቀች፣ በሃይላንድ ሞልታ በጨርቅ ጠቀለለችና ማሽኑ ዙሪያ ደረደረች፤ የአባታቸውን ጋቢ አልብሳ አየር ማስገቢያውን ብቻ ክፍት ተወች። ከሰሉን ደጅ አስቀመጠች፤ በተዘጋ ቤት ከሰል ጫጩትንም ሰውንም ይገድላልና። መብራት የመጣው ሲነጋ ነው። ከ30 እንቁላል 17 ጫጩት አገኙ።

ልጅቷ ያደረገችው ትክክል ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ፅንሱ ራሱ ሙቀት ስለሚያመነጭ ለጥቂት ሰዓት ቢቀዘቅዝ ይችለዋል። የማይችለው ከመጠን ያለፈ ሙቀትን ነው። ብርድ ያዘገየዋል፣ ትኩሳት ይገድለዋል።

እንጦጦን ተሻግራችሁ ያለችው ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። እዚያ አየሩ ስስ ነው፤ ኦክስጅኑ ያንሳል፣ እንቁላሉም ውሃውን ቶሎ ያጣል። ስለዚህ የውሃ ሳህኑ እንዳይደርቅ! እርጥበቱ እስከ 18ኛው ቀን ከ50 እስከ 55 በመቶ፣ ከዚያ ከ65 እስከ 70 ይሁን። የአየር ቀዳዳውን “ይበርደዋል” ብላችሁ አትድፈኑ። ደግሞም ከቆላ የመጣ እንቁላል ደጋ ላይ ብዙ ጊዜ በደንብ አይፈለፈልምና ከዚያው ከደጋው ዶሮ ውሰዱ።

ሂሳቡን በእርሳስ

እንግዲህ ዕቁባችሁን ከመበተናችሁ በፊት እናስላ። 48 እንቁላል አስገባችሁ እንበል። ስምንቱ ባዶ ሆነ፣ ቀረ 40። ከዚያ 30 ተፈለፈለ። ግማሹ ወንድ ነው፤ ሴቶቹ 15 ናቸው። የሐበሻ ቄብ እንቁላል ለመጀመር ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ትፈልጋለች። ስትጀምርም በዓመት ከ40 እስከ 60 ገደማ ነው የምትጥለው፤ የእርባታዋ ዝርያ ግን ወደ 300 ትደርሳለች። በሦስት ሳምንት ሠርግ የለም ማለት ነው! ወንዶቹ ግን ለእንቁጣጣሽ ወይም ለፋሲካ እንዲደርሱ ቀን ቆጥሮ መፈልፈል ብልህነት ነው።

ጫጩቶቹ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋሉ፤ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። ተቃቅፈው ከተከመሩ በርዷቸዋል፤ አፋቸውን ከፍተው ከሸሹ ሞቋቸዋል። ፈንግል ከገባ ደግሞ በሳምንት ውስጥ ሁሉንም ሊጨርስ ይችላልና ክትባቱን በጊዜው ከእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። እና አከራያችሁን አስፈቅዱ! አውራ ዶሮ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲጮህ ይቅርታ መጠየቅ አይችልም።

የቡራዩው ልጅስ? ከሰበታው 36 እንቁላል 23 ጫጩት ወጣለት። ገብስማ፣ ቀይ፣ ነጭ፣ አንድ ጥቁር። ልጅቷ “የእናቴን ድርሻ ልቆጥር ነው የመጣሁት” ብላ ከች አለች። ስትቆጥር መሸ። 23 ለሁለት እኩል ስለማይካፈል “ጥቁሯ የኔ ናት” አለችው። “ሁሉንም ውሰጂ፣ ብቻ ስልክ አንሺ” አላት። ሽማግሌው ከፋሲካ በኋላ ይላካል ተብሏል።