ለማሆጋኒ ጊታር የፊት ሳንቃ አመራረጥ

ጊታር የሚባለው የሙዚቃ መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ ገበያ በብዛት የሚገባው ተሠርቶና ተቀብቶ፣ በካርቶን ታሽጎ ነው። በዚህም ምክንያት አብዛኛው ነጋዴ መሣሪያው በምን እንጨት እንደ ተሠራ ሳይጠይቅ ይገዛል፤ ሳይናገርም ይሸጣል። ነገር ግን በወላይታ ዞን በዲምቱ ወይም በሶዶ ከተማ በርና አልጋ፣ ሣጥንና ወንበር ሲሠራ ለኖረ አናጢ አንድ ደንበኛ መጥቶ «ጊታር ሥራልኝ» ቢለው፣ ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ ከእንጨት ነጋዴው ደጃፍ መድረሱ አይቀርም። ጎኑና ጀርባው ማሆጋኒ እንዲሆን ስምምነት ቢደረግ እንኳ፣ ክሩ በላዩ የሚወጠርበት የፊት ሳንቃ ከምን እንጨት ይሁን? የመሣሪያው ድምፅም ሆነ ዋጋ የሚነሣውና የሚወድቀው በዚሁ ሳንቃ ነው።

ጥያቄው ለአገሩ ባለሙያ አዲስ ቢሆንበት አያስደንቅም። በበገና፣ በክራርና በመሰንቆ የሚንቀጠቀጠው ፊት ቁርበት እንጂ እንጨት አይደለም። የበገናው ገበቴ ከእንጨት ይፈለፈላል፣ በቆዳ ይለበጣል፣ ብርኩማው በቆዳው ላይ ይቆማል፤ ከእንጨቱ የሚፈለገው ጽናት ብቻ ነው። በጊታር ግን ቁርበቱን የሚተካው ራሱ እንጨቱ ነው። ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ሳንቃ የብረት ክር ሲወጠርበት በጠቅላላው ከ70 ኪሎ በላይ የሆነ ጉተታ ይሸከማል። ይህ ከአንድ ኬሻ ቡና ክብደት የሚበልጥ ነው። የናይሎን ክር ከሆነ ጉተታው ወደ 40 ኪሎ ይወርዳል። ሳንቃው ይህን ሁሉ ተሸክሞ ሳይጎብጥ፣ ደግሞም በጣት ሲነኩት እንደ ከበሮ ቆዳ መንቀሳቀስ አለበት። ስለዚህ የሚፈለገው እንጨት ቀላልም ጠንካራም መሆን ይኖርበታል፤ ሁለቱ ጠባዮች ደግሞ በአንድነት የሚገኙት በጥቂት ዛፎች ብቻ ነው።

የፊቱ ሳንቃ ከሌላው አካል ይልቅ የሚበልጥ መሆኑን ለማሳየት፣ የስፔኑ ታላቅ ጊታር ሠሪ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ በ1862 እ.ኤ.አ. ጎኑንና ጀርባውን በወረቀት ካርቶን፣ ፊቱን ብቻ በመልካም እንጨት አድርጎ አንድ ጊታር ሠርቷል። ይህም መሣሪያ እስከ ዛሬ በባርሴሎና የሙዚቃ ሙዚየም ይገኛል። ማሆጋኒ ገዝቶ ገንዘቡን በጀርባው ላይ የጨረሰና ለፊቱ ያገኘውን ጣውላ የለጠፈ ሰው የቶሬስን ተቃራኒ ሠራ ማለት ነው።

በውጭ አገር ከማሆጋኒ ጋር የሚጋቡት እንጨቶች በዋናነት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ስፕሩስ ነው። የደረቀው እንጨት በሜትር ኩብ ከ400 ኪሎ እጅግ ሳይርቅ ይመዝናል፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ክሩን በኃይል የሚመታ ተጫዋች ቢኖር እንኳ አይታፈንም። የአሜሪካው ማርቲን ኩባንያ ዲ 18 የሚባለው ዝነኛ ጊታር ፊቱ ስፕሩስ፣ ጎኑና ጀርባው ማሆጋኒ ሆኖ የሚሠራ ነው። ሁለተኛው ቀይ ሴዳር ነው። ከስፕሩስ ይቀላል፣ ለጣት ጨዋታ ፈጥኖ ይመልሳል፤ ነገር ግን ለስላሳ በመሆኑ በጥፍር ይጫራል፤ በኃይል ሲመቱትም ድምፁ ይደነባበራል። ይህን እንጨት በክላሲክ ጊታር ላይ እንዲለመድ ያደረገው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የማድሪዱ ሆሴ ራሚሬዝ 3ኛ ነው። ሦስተኛው ራሱ ማሆጋኒ ነው። ከሁለቱ ይከብዳል፣ ድምፁም ደብዘዝና ሞቅ ያለ ነው፤ ጭረትና ግጭት ግን ይችላል። የማርቲን ኩባንያ ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለንተናቸው ማሆጋኒ የሆኑ ጊታሮችን በዝቅተኛ ዋጋ ሲሸጥ ቆይቷል። ለመዝሙርና ለዘፈን ማጀቢያ የሚገዛ ሰው ስፕሩስን፣ በጣቱ ቀስ ብሎ የሚጫወት ሴዳርን፣ ልጆቹ የሚጫወቱበትን የሚፈልግ ማሆጋኒን ቢመርጥ አይቆጭም።

ከአገሩ ዛፍ የሚሆን የለም ወይ? ጥያቄው የዋዛ አይደለም። በወላይታ ጓሮ ከእንሰቱ መካከል የሚታየው ዋንዛ፣ ለቤት ዕቃ ሥራ ማሆጋኒ በሌላው ዓለም ያለውን ክብር በኢትዮጵያ የያዘ እንጨት ነው፤ ለጎንና ለጀርባ በሚገባ ይታሰባል። ለፊቱ ግን ወደ ጽድና ወደ ዝግባ ማየት ይገባል። የሐበሻ ጽድ መዓዛው ያማረ፣ በቀላሉ የሚሰነጠቅ እንጨት ነው፤ ነገር ግን ከስፕሩስ ይከብዳል፣ ጉጥም ይበዛበታል። ዝግባ ቀጥ ያለና ንጹሕ ነው፤ ክብደቱ ወደ 500 ኪሎ ስለሚጠጋ ከስፕሩስ ይልቅ ሳሳ አድርጎ መላግን ይጠይቃል። ሁለቱም ዛፎች ከዋንዛና ከኮሶ ጋር በአዋጅ ቁጥር 94/1986 ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በስም ተጠቅሰው ነበር። ያ አዋጅ በኋላ ተሽሯል፤ ዛሬ የደን ጉዳይ የሚመራው በ2010 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1065 ነው። እንጨቱ ከየት እንደ መጣ የሚያስረዳ ወረቀት ሳይዝ የጽድ ወይም የዝግባ ሳንቃ የሚገዛ ነጋዴ ገንዘቡን በኬላ ላይ ለአደጋ ያጋልጣል።

ከእነዚህ ይልቅ ሊፈተን የሚገባው የፈረንጅ ጽድ ነው። ተተክሎ የሚለማ ዛፍ በመሆኑ የዱር ደን አይመነጠርበትም፤ ክብደቱም ለስፕሩስ የቀረበ ነው። በስፔን የፍላሜንኮ ጊታር ሠሪዎች የዚሁ ወገን የሆነውን ዛፍ ለጎንና ለጀርባ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ጉድለቱ ፈጥኖ ማደጉ ነው። ቀለበቶቹ ይሰፋሉ፣ ቅርንጫፉ በወቅቱ ካልተመለመለም ጉጡ ይበዛል። ዕድሜ ካለው ተክል የተቆረጠ፣ ቀለበቱ ጠበብ ያለ ግንድ ከተገኘ ግን መሞከሩ ኪሳራ የለውም።

እዚህ ላይ ከዛፉ ስም ይልቅ የሚበልጥ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም አሰነጣጠቁ ነው። በተለመደው አሠራር ግንዱ ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ዳር ሳንቃ በሳንቃ ይሰነጠቃል። ለበርና ለአልጋ ይህ በቂ ነው። ለጊታር ፊት ግን በሳንቃው ጫፍ ላይ የሚታዩት ቀለበቶች ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው፤ ተኝተው የሚታዩ ከሆነ ሳንቃው በበጋ ይጣመማል፣ በክሩም ጉተታ ይጎብጣል። ደግነቱ በዚሁ በተለመደው አሰነጣጠቅ እንኳ ከግንዱ መካከል የሚወጡት አንድ ሁለት ሳንቃዎች ቀለበታቸው የቆመ ነው። እንጨት ነጋዴው እነዚህን ከክምሩ ለይቶ፣ እምብርቱን አስወጥቶ፣ ጫፋቸውን ቀብቶ በጥላ ቢያደርቃቸው ለአልጋ ከሚሸጠው በላይ ዋጋ የሚጠይቅበት ዕቃ ያገኛል። ዛሬ እነዚያ ሳንቃዎች ከሌላው ጋር ተደባልቀው በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ፤ የመቶ ዓመት ጽድ የመሐል ሳንቃ የበር መቃን ሆኖ ይቀራል።

የጊታሩ ፊት ሁለት ግማሾች ተጋጥመው የሚሠራ ሲሆን እያንዳንዱ ግማሽ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ይሻል። ለዚህም የግንዱ ውፍረት ከ50 ሴንቲ ሜትር ቢያልፍ ይመረጣል። ቀጭን ግንድ ብቻ ከተገኘ አራት ወይም ስድስት ጠባብ ሳንቃዎችን ማጋጠም ይቻላል፤ ነውርም አይደለም። አሜሪካዊው ቦብ ቴይለር በ1995 እ.ኤ.አ. ከዕቃ መጫኛ ፓሌት በወጣ ጣውላ ጊታር ሠርቶ ለንግድ ትርኢት አቅርቦ ነበር፤ ፊቱ ከጠባብ ሳንቃዎች የተጋጠመ፣ የምስማሩ ቀዳዳ እንኳ የሚታይ ነበር። በየመጋዘኑ ጓሮ ለማገዶ የሚጣለውን ፓሌት ለሚያዩ አስመጪዎች ይህ ታሪክ ሳያስቃቸው አይቀርም፤ ሆኖም ያ ጊታር በጥሩ ድምፁ የታወቀ ነው። የሠሪው እጅ ከእንጨቱ ዘር በላይ እንደሚሠራ ለማሳየት የተደረገ ነበር።

ገዢው ሳንቃውን ሲመርጥ አንዱን ጫፍ በሁለት ጣት አንጠልጥሎ መሐሉን በጣት አንጓ መታ ያድርገው። ደረቅና ጤነኛ ሳንቃ ቃናውን ይዞ ይቆያል፤ እርጥብ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ድፍን ያለ ድምፅ ሰጥቶ ዝም ይላል። የእንጨቱ ጭረት ከዳር እስከ ዳር መዝለቁን ለማወቅ ደግሞ ከጫፉ ትንሽ ቁራጭ በሽብልቅ መፈልፈል ነው፤ ስንጥቁ ወደ ጎን ከሸሸ ሳንቃው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ከውጭ ለማስመጣት ለሚያስቡ ሁለት ነገሮች ይታወቁ። ውፍረቱ ከ6 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ የተሰነጠቀ ሳንቃ በጉምሩክ ምደባ በ44.08፣ ከዚያ የበለጠው በ44.07፣ ያለቀለት ጊታር በ92.02 ሥር ይገኛል። ለጊታር ፊት ተዘጋጅቶ የሚመጣው ሳንቃ ብዙ ጊዜ 4 ሚሊ ሜትር ግድም ስለሆነ፣ ትእዛዝ ከመሰጠቱ በፊት ምደባውን ከጉምሩክ ጋር መጨረስ ይገባል። ሁለተኛው የማሆጋኒው ጉዳይ ነው። የአሜሪካው ትልቅ ቅጠል ማሆጋኒ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ካያ የሚባለው የአፍሪካ ማሆጋኒ ደግሞ በኅዳር 2015 ዓ.ም. በፓናማ በተደረገው ጉባኤ ውሳኔ፣ ንግዳቸው በሳይቲስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገብቷል። ግንዱና የተሰነጠቀው ሳንቃ ከላኪው አገር የፈቃድ ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ተሠርቶ ያለቀ ጊታር ግን በዚህ አይያዝም።

ባለ ሱቆችም ጊታሩን ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር፣ ፀሐይ በሚመታው መስኮት አጠገብ ባይሰቅሉት መልካም ነው። በበጋ ወራት ክሩን ጥቂት ማላላት፣ በመያዣው ውስጥም እርጥብ ጨርቅ በተቀዳደደ የሳሙና ዕቃ አድርጎ ማኖር ከፍተኛ ወጪ የለውም፤ የፊቱ ሳንቃ ከተሰነጠቀ በኋላ ግን ጊታሩን በገዛበት ዋጋ የሚሸጥ ነጋዴ አይገኝም።