የቤዝቦል ውርርድና የጀማሪው ኪስ

በአሜሪካ አገር፣ ከዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባለው ከተማ፣ የአገራችን ሰዎች በሚሰበሰቡበት አንድ ቡና ቤት ተቀምጠን ሳለ አንድ ወጣት ወዳጃችን የውርርድ ወረቀቱን አሳየን። ወረቀት ማለታችን ከልማድ የተነሣ ነው እንጂ ዛሬ ነገሩ ሁሉ በስልክ መስታወት ላይ ነው። ወጣቱ በአራት የቤዝቦል ጨዋታዎች ላይ በአንድነት አሥር ዶላር አስይዞ ነበር። ሦስቱ እንደ ገመተው ሆኑለት፤ አራተኛው ግን በመጨረሻው ዙር ተገለበጠበት። «ጋሼ፣ በአንዷ ብቻ ተበላሁ እኮ! ለጥቂት ነው ያመለጠኝ» አለን። እኛን ያሳሰበን አሥሩ ዶላር አይደለም፤ የአንድ ምሳ ዋጋ ነው። ያሳሰበን «ለጥቂት» የምትለዋ ቃል ናት። የውርርድ ቤቱ እንጀራ የሚጋገረው በዚህችው ቃል ነውና።

እንደሚታወቀው በ1992 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ መሠረት፣ ከኔቫዳ በቀር በአብዛኛው የአሜሪካ ግዛት በአንድ የስፖርት ጨዋታ ላይ መወራረድ አይፈቀድም ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሜይ 14 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ይህን ሕግ ስለ ሻረው በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ቨርጂንያ በ2021 እ.ኤ.አ. ጀመረች፤ ሜሪላንድም በ2022 እ.ኤ.አ. ኖቬምበር ውርርዱን እስከ ስልክ ድረስ አደረሰችው። በሁለቱም ግዛቶች ዕድሜው 21 ዓመት ያልሞላው ሰው መወራረድ አይፈቀድለትም። እንግዲህ ለትምህርትም ሆነ ለሥራ ወደዚያ የሚሻገር ወጣት ሁሉ ከዚህ ነገር ጋር መገናኘቱ ስለማይቀር፣ ሒሳቡን አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅመዋል ብለን አሰብን።

የእግር ኳስ ውርርድ የለመደ ሰው ወደ ቤዝቦል ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስደንቀው፣ ጨዋታው አሸናፊ እስኪለይ ድረስ የሚቀጥል መሆኑ ነው። ዘጠኙ ዙር እኩል ለእኩል ቢያልቅ ሌላ ዙር ይጨመራል። ስለዚህ አቻ የሚባል ምርጫ የለም፤ ወይ ይኸኛው ነው፣ ወይ ያኛው። ጀማሪውም «ሁለት ብቻ ከሆነማ ቀላል ነው» ይላል። የሚሳሳተውም ከዚህ ላይ ነው።

ለምን ቢባል፣ የተወራራጁ ጥያቄ «ማን ያሸንፋል?» ሳይሆን «ዋጋው ስንት ነው?» የሚለው ስለ ሆነ ነው። በአንደኛው ቡድን ስም አጠገብ −150 ተጽፎ ቢገኝ፣ መቶ ዶላር ለማትረፍ 150 ዶላር ማስያዝ ያስፈልጋል ማለት ነው። በሌላው ቡድን አጠገብ +130 ቢጻፍ፣ መቶ ዶላር ያስያዘ ሰው ከተሳካለት 130 ያተርፋል። አሁን እርሳስ እናንሣ። የመጀመሪያው ዋጋ ኪሳራ እንዳይሆን ቡድኑ ከመቶው 60 ጊዜ ማሸነፍ አለበት፤ ሁለተኛው ደግሞ 43.5 ጊዜ። ሁለቱ ሲደመሩ 103.5 ይሆናሉ። ከመቶ በላይ የሆነችው 3.5 የውርርድ ቤቱ ድርሻ ናት፤ እህል ሲሰፍር ጣቱን ከቁናው ውስጥ እንደሚያስገባ ነጋዴ መሆኑ ነው።

ይህች ጣት ትንሽ ብትመስልም ሥራዋ ብዙ ነው። ያ ብርቱ የተባለው ቡድን በእውነቱ ከመቶ ጨዋታ 58ቱን የሚያሸንፍ ይሁን እንበል። ሁልጊዜ በ−150 የተወራረደበት ሰው በ58ቱ 5,800 ዶላር ያገኛል፤ በ42ቱ ግን 6,300 ዶላር ያጣል። አሸናፊውን 58 ጊዜ ለይቶ አውቆ 500 ዶላር ከሰረ! በአንጻሩ ደካማ በተባለው ቡድን በ+130 የገባ ሰው፣ ቡድኑ ከመቶው 45ቱን ብቻ ቢያሸንፍለት 5,850 አግኝቶ 5,500 ያጣና 350 ዶላር ያተርፋል። ብዙ ጊዜ ተሸንፎ አተረፈ ማለት ነው። ጀማሪው ይህን ስሌት በገዛ እጁ ሁለት ሦስት ጊዜ ጽፎ ሳያየው አንድ ሳንቲም ባያስይዝ እንመክራለን።

በቤዝቦል ደግሞ ደካማው ቡድን እንደ ስሙ የወደቀ አይደለም። እያንዳንዱ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ ይጫወታል። በ2024 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ኋይት ሶክስ 121 ጊዜ ተሸንፎ በዘመናዊው የቤዝቦል ታሪክ የብዙ ሽንፈት ባለቤት ሆነ፤ እንዲያም ሆኖ 41 ጊዜ አሸንፏል። የዚያው ዓመት ሻምፒዮን የሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ ደግሞ በመደበኛው ውድድር 64 ጊዜ ተሸንፏል። እንግዲህ በታላቅ ስም ብቻ ተማምኖ ውድ ዋጋ የሚከፍል ሰው ምን እየገዛ እንደ ሆነ ማየት አያዳግትም።

ከቡድኑ ስም ይልቅ ዋጋውን የሚያንቀሳቅሰው የዕለቱ ጀማሪ ወርዋሪ ነው። ፒቸር የሚሉት ይህ ሰው ክንዱን ማሳረፍ ስላለበት ብዙውን ጊዜ የሚወረውረው በየአምስት ቀኑ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ የነበረው ቡድን ረቡዕ ያው አይደለም። ወርዋሪው በመጨረሻው ሰዓት ቢለወጥ አንዳንዱ ውርርድ ይሰረዛል፤ አንዳንዱ ግን ጸንቶ ይቆያል። የትኛው እንደ ሆነ በደንቡ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ጀማሪም ይህን አንቀጽ አያነብም። ከአምስት ወይም ከስድስት ዙር በኋላ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሌሎች ወርዋሪዎች ይተኩታል፤ የወጣት ወዳጃችንም አራተኛ ጨዋታ የተገለበጠው በእነዚህ ተተኪዎች እጅ ነው።

ሜዳውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የዴንቨር ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,580 ሜትር ያህል ስለሚገኝ አየሩ የሳሳ ነው፤ የተመታች ኳስ ርቃ ትሄዳለች፤ ነጥቡም ይበዛል። (አዲስ አበባ ላይ ቢጫወቱ ኳሷ የት ትወድቅ እንደ ነበር እንጃ።) በቺካጎ ሪግሊ ፊልድ ደግሞ ነፋሱ ወደ ውጭ ሲነፍስና ወደ ውስጥ ሲነፍስ ሁለት የተለያየ ጨዋታ ይታያል። ዳሩ ግን ጀማሪው ይህን ባወቀ ጊዜ ብልጥ የሆነ ይመስለዋል፤ የውርርድ ቤቱ ግን አስቀድሞ አውቆ ለዴንቨር ከፍ ያለ የነጥብ ድምር ጽፏል። ዕውቀት ዋጋ የሚኖረው ከዋጋው ውስጥ ገና ያልገባ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

አሁን ወደዚያ ወደ አራት ጨዋታው ወረቀት እንመለስ። እያንዳንዱ ጨዋታ እኩል በእኩል ዕድል አለው ብንል አራቱም የሚሳኩት ከ16 አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ለአሥር ዶላር ትክክለኛው ክፍያ 160 ዶላር በሆነ ነበር፤ በተለመደው ዋጋ ግን የሚከፈለው 133 ዶላር ያህል ነው። ጣቲቱ አራት ጊዜ ገብታለችና! በአራቱ ላይ ሦስቱ ብቻ የሚሳኩትስ? ከ16 አራት ጊዜ፣ ማለት ከአራት ወረቀት አንዱ። እንግዲህ «ለጥቂት አመለጠኝ» የሚለው ነገር አጋጣሚ አይደለም፤ በየአራተኛው ወረቀት ይመጣል ተብሎ የሚጠበቅ ነው። ይህን ስንነግረው ወጣቱ ለረዥም ጊዜ ዝም አለ።

ስለ ገንዘብ አያያዝ የምንለው አጭር ነው። ቢጠፋ የቤት ኪራይም የትምህርት ቤት ክፍያም የማይነካ ገንዘብ ለይቶ፣ በአንድ ጨዋታ ከመቶው አንድ እጅ በላይ አለማስያዝ፤ 200 ዶላር ያለው ሁለት ዶላር ነው። ሲሸነፉ እጥፍ እያደረጉ ማስመለስ የሚባለው ብልሃት ግን ጨርሶ መወገድ አለበት። ኋይት ሶክስ በዚያው በ2024 እ.ኤ.አ. 21 ጊዜ በተከታታይ ተሸነፈ። በአሥር ዶላር ጀምሮ እጥፍ እያደረገ የተከተለው ሰው ቢኖር፣ ለ22ኛው ጨዋታ 20,971,520 ዶላር ማስያዝ ይገባው ነበር።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። በ1919 እ.ኤ.አ. የኋይት ሶክስ ተጫዋቾች ከቁማርተኞች ገንዘብ ተቀብለው የዓመቱን ሻምፒዮና ለሲንሲናቲ ለቀቁ ተብለው ተከሰሱ። በ1921 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት በነጻ ቢለቃቸውም፣ የውድድሩ ኮሚሽነር ላንዲስ ስምንቱን ለዘለዓለም አገዳቸው። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁለት የክሊቭላንድ ወርዋሪዎች፣ አንዳንድ ውርወራዎችን ለተወራራጆች አመቻችተዋል ተብለው ተከሰሱ፤ እነርሱም ጥፋተኛ አይደለንም ብለዋል። ከክሱ በኋላ በአንዲት ውርወራ ላይ የሚያዘው ገንዘብ ከ200 ዶላር እንዳይበልጥ፣ ከሌላ ውርርድ ጋርም እንዳይጣመር ተወሰነ። ጀማሪው በአንዲት ውርወራ ላይ የመወራረዱን ነገር ቢተወው ይሻለዋል፤ ውጤቷ በአንድ ሰው እጅ ናትና።

ወጣት ወዳጃችን ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተር ያዘ። ቀኑን፣ ወርዋሪውን፣ ዋጋውን፣ ያስያዘበትን ሰዓትና ምክንያቱን ይጽፋል፤ በአንድ ጊዜ ከሁለት ዶላር አያልፍም። መደበኛው ውድድር ሲያልቅ ስድሳ ሁለት መስመር ሞልቶ፣ ከ200 ዶላሩ 187ቱ በእጁ ነበር። ደብተሩን ሲያሳየን ጣቱን በአንድ ዓምድ ላይ አሳረፈ። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ የተጻፉት መስመሮች አብዛኞቹ ኪሳራ ነበሩ። በምሥራቁ ክፍል ምሽት ሲሆን የካሊፎርንያ ጨዋታዎች ገና ይጀምራሉ፤ እርሱም በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች የተሸነፈውን በእነዚህ ለማስመለስ ሲል ወርዋሪውን እንኳ ሳያይ ያስይዝ ኖሯል። «ጋሼ፣ ምክንያት የሚለው ላይ ምንም አልጻፍኩም» አለን። አሁን አራት ሰዓት ሲሆን ስልኩን ወጥ ቤት አስቀምጦ ይተኛል።