ሆዳችሁ ውስጥ ማንን እየቀለባችሁ ነው?

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ሆድ ነው። ስለ ሆዳምነት ግን አይደለም። ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ።

በግቢያችን አንዲት እናት አሉ። ሁላችንም «እትዬ» እያልን ነው የምንጠራቸው። ጥርሳቸው አብጦ እንቅልፍ ሲያጡ ከመሳቢያዬ የተራረፈ ካፕሱል አውጥቼ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። «እኔን አድኖኛል፣ ይውሰዱት» አልኳቸው። እብጠቱ ጎደለ፣ መረቁኝ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ተቅማጥ ያዛቸው። እህል አልቀመስ ሲላቸው «ጉልበት ይሁንዎት» ብዬ ለስላሳ መጠጥ አመላለስኩላቸው። ጭራሽ ባሰባቸው። በአራተኛው ቀን ከአልጋ መነሳት አቅቷቸው ደግፈን ሐኪም ቤት ወሰድናቸው።

ሐኪሙ ገና ከመቀመጣቸው፣ «እናቴ፣ በዚህ ሰሞን የወሰዱት መድኃኒት አለ?» አላቸው።

«ኧረ ምንም! ያቺን የጥርሱን ካፕሱል ብቻ ነው» አሉ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

እትዬ ድነዋል፣ ዕድሜ ይስጣቸው። እኔን ግን ነገሩ አላስተኛኝም። ለጥርስ የተዋጠ መድኃኒት እንዴት ሆድ ያበላሻል? ሐኪሙን ጠየቅኩ፣ ያገኘሁትንም አነበብኩ። እነሆ።

አጥሩና ባለቤቱ

በትልቁ አንጀታችን ውስጥ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። አብዛኞቹ ወዳጆቻችን ናቸው። እኛ መፍጨት ያልቻልነውን የእህልና የአትክልት አሰር ይበላሉ፤ የቤት ኪራዩንም በጥበቃ ይከፍላሉ። እንዴት? ምግቡን ቀድመው ይጨርሱታል። በቆሸሸ ውሃ ወይም በደንብ ባልታጠበ ሰላጣ የገባ ክፉ ጀርም የሚቀመጥበት ቦታና የሚቀምሰው ፍርፋሪ ያጣና እንደመጣ ይወጣል። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባል የለ?

ባለቤቱ ሲጠፋ የሚሆነውን የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1954 አሳይተዋል። ጤነኛ አይጦችን በሳልሞኔላ ለማስያዝ ወደ 100,000 የሚጠጋ ጀርም ማዋጥ አስፈልጓቸው ነበር። አስቀድመው ስትሬፕቶማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ የሰጧቸውን አይጦች ግን ከ10 ያነሰ ጀርም በቃቸው። ልብ በሉ፣ ከ10 ያነሰ!

የድግስ ትራፊ

አንቲባዮቲክ ክፉውን ከደጉ አይለይም፤ ያገኘውን ሁሉ ያጭዳል። የአንጀታችንን ግድግዳ ከውስጥ የሚሸፍነው ልጋግ ስኳር አለበት። ደጎቹ ባክቴሪያዎች ይህን ስኳር ይፈለቅቃሉ፣ ይሻሙበታልም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የአይጥ ጥናት እንዳመለከተው፣ አንቲባዮቲክ ተሻሚዎቹን ሲገድል ስኳሩ በላተኛ አጥቶ ይቀራል። ያኔ ሳልሞኔላና ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የተባለው ጀርም ድግሱ ላይ ይደርሳሉ። ይህ ሁለተኛው በተለይ አረጋውያንን አንቲባዮቲክ ከወሰዱ በኋላ በብርቱ ተቅማጥ የሚጥል፣ አንዳንዴም የሚገድል ነው። መድኃኒቱ ካለቀ ከሳምንታት በኋላ እንኳ ሊመጣ ይችላል።

ከገበታችን የሚነሳ

ጣጣው ከመድኃኒት ብቻ አይመጣም። ደጎቹ ባክቴሪያዎች አሰር ሲያጡ የሚበሉት ያንኑ ልጋግ ነው፤ ቀለብ ያጣ ዘበኛ አጥሩን እየነቀለ እንደሚያነድ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት አሰር የተነፈጉ አይጦች ልጋጋቸው ሳስቶ በሽታ አምጪው ጀርም በቀላሉ ግድግዳው ላይ ደርሷል።

ቅባትም አለበት። ቅባት ለመፍጨት ሐሞት ይፈስሳል። ሐሞቱ ሲበዛ ከደጎቹ ብዙዎቹን ይጎዳል፣ ሳልሞኔላ ግን ይችለዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት አይጦችን ለአንድ ቀን ብቻ ወደ ቅባታም ምግብ ማዛወር ለሳልሞኔላ በር ከፍቷል። ነገሩ የአይጥ ነው። ቢሆንም ሁለት ወር በሽሮና በጎመን ከርሞ በፋሲካ ማለዳ ዶሮውንም ክትፎውንም ባንዴ ለሚያወርድ ሰው «ኧረ ቀስ!» የሚያሰኝ ነው።

ሌላው ብረት ነው፣ አይረን የምንለው። ብዙዎቹ ክፉ ጀርሞች ያለ ብረት አይራቡም። የእናት ጡት ወተት ብረቱ ትንሽ ነው፤ ያንንም አጥብቆ የሚይዝ ላክቶፌሪን የተባለ ፕሮቲን አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ የኬንያ ጥናት፣ የበቆሎ ገንፎአቸው ላይ ብረት ያለበት ዱቄት የተጨመረላቸው ሕፃናት አንጀት ውስጥ ተቅማጥ የሚያመጡ ጀርሞች በዝተው ተገኝተዋል።

አደራ! ይህን አንብባችሁ የአይረን ክኒን እንዳትጥሉ። ደም ማነስ ነፍሰ ጡርንም ሕፃንንም ይጎዳል። ቁም ነገሩ የታዘዘውን በልኩ መውሰድ፣ ከራስ ጨምሮ አለመስጠት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰዱ። የተረፈ ካፕሱል አታስቀምጡ፣ ለጎረቤትም አትስጡ። ከእኔ ተማሩ። በሐኪም የታዘዘላችሁን ግን በገዛ ፈቃዳችሁ አታቋርጡ።

ሁለተኛ፣ ከመድኃኒቱ በኋላ ተቅማጥ ከጀመራችሁ የወሰዳችሁትን ሳትደብቁ ለሐኪም ንገሩ።

ሦስተኛ፣ ተቅማጥ ሲይዝ ኦ.አር.ኤስ.ን «ስኳር አለበት» ብላችሁ አትሽሹት። የተመጠነው ስኳር ከጨው ጋር ሆኖ በቀጭኑ አንጀት ውሃን ወደ ሰውነት ያስገባል። የለስላሳ መጠጥ ስኳር ግን ከልክ በላይ ስለሆነ ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል። እኔ ለእትዬ ያመላለስኩት ይህንኑ ነበር! ፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጡት።

አራተኛ፣ ሕፃን ተቀማጠ ብላችሁ ጡትም ሆነ ምግብ አትከልክሉት። ጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የዚንክ ክኒንም እስከ መጨረሻው ስጡት።

አምስተኛ፣ በደህናው ቀን ዘበኞቻችሁን ቀልቡ። ምስር፣ ባቄላ፣ ሽሮ፣ የገብስ ቆሎ፣ ጎመን። ውድ ነገር አላልኳችሁም።

ተቅማጡ ደም ካለበት፣ ትኩሳት ከበረታ፣ ዓይን ከጎደጎደ፣ ወይም ሕፃኑ መጠጣት ካቃተው ግን አንድ ሰዓት አታባክኑ፤ ወደ ሐኪም ሩጡ።

እትዬ አሁን ደህና ናቸው፤ ቡናቸውንም ጀምረዋል። ባለፈው እሑድ ስኒውን ሲያቀብሉኝ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ልጄ፣ ያን መሳቢያህን ባዶ አደረግኸው?»

አድርጌዋለሁ። እናንተስ? ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!