«ምሪት» እና «በር»፦ በመረብ አስተዳደር ቃላት አተረጓጐም ላይ

በሊኑክስ ሥርዓተ ክወና የመረብ መንገዶችንና መውጫዎችን የሚያስተዳድር ፕሮግራም ኔትሊንክ በተባለው ሶኬት አማካይነት ከአስኳሉ ጋር መልእክት ይለዋወጣል። «ሶኬት» ሲባል የግድግዳው መሰኪያ ቢታወሰንም ቃሉ በባለሙያው አፍ ስለ ገባ እንዳለ ቢቀመጥ ይሻላል። ችግሩ ያለው ከሌሎቹ ላይ ነው።

«ሩት» በተለምዶ «መንገድ» ይባላል። ነገር ግን አዲስ ሩት ሲጨመር የሚሠራ መንገድ የለም፤ በአስኳሉ ሠንጠረዥ ላይ የመድረሻው አድራሻ፣ ቀጣዩ አሸጋጋሪና የመውጫው ስም ይመዘገባል እንጂ። ስለዚህ «ምሪት» ይስማማዋል። ቃሉ በመሬት ይዞታ ረገድ ሌላ ፍች እንዳለው አይዘነጋም፤ ዐውዱ ይለየዋል።

«ኢንተርፌስ»ን «በይነ ገጽ» ማለት ለዓይን ለሚታየው ገጽ እንጂ ለዚህ አይሆንም። እዚህ ላይ ኢንተርፌስ መረጃ የሚገባበትና የሚወጣበት «በር» ነው፤ የራሱ ዕቃ የሌለው በርም አለ፤ ለምሳሌ ማሽኑ ከራሱ ጋር የሚነጋገርበት።

ከሁሉ የሚያሳስተው «ዳውን» የሚለው ነው። ይህ ጸሐፊ «በይነ ገጹ ወርዷል» የሚል ትርጉም አንብቦ ምን እንደ ወረደ ለመረዳት ተቸግሯል። ቃሉ ሁለት ሁኔታዎችን ይሸፍናል። አስተዳዳሪው ሆን ብሎ ሲያደርገው በሩ «ተዘግቷል»፤ ገመዱ ሲነቀል ግን መስመሩ «ተቋርጧል»። በአራተኛው የኢንተርኔት ፕሮቶኮል አድራሻ፣ በሩ ሲዘጋ በእርሱ በኩል የሚያልፉት ምሪቶች ከሠንጠረዡ ይሰረዛሉ፤ በእጅ የተጻፉትም በሩ ዳግም ቢከፈት በራሳቸው አይመለሱም። መስመሩ ብቻ ሲቋረጥ ግን በሠንጠረዡ ላይ ይቆያሉ። ሁለቱን በአንድ ቃል የተረጐመ ሰው የጥገና ባለሙያውን ያልተሰረዘውን እንዲጽፍ፣ የተሰረዘውንም አለ ብሎ እንዲጠብቅ ያደርገዋል።